የሰኞው ሰልፍ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ስሰፋ ኖሬ፣ የታመምኩትም እዚያው ሱሪ ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይግላል። ልጆቼ ያነቡታል፣ አማቾቼ ያነቡታል። ያንብቡት እንግዲህ፣ ምን አደርጋለሁ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የራሴ ጊዜ ሲደርስ ግን ምክሬን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ። እንደኔው ውስጥ ውስጡን እየታመመ «ደህና ነኝ» የሚል ወንድ ካለ ይስማኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ነው። ከወሎ ወርጄ ጋምቤላ ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ሚስት አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ሙቀቱንም ትንኙንም ለምጄ። የስፌት መኪናዬን የማቆማት ከወደቡ መጋዘኖች ፊት ለፊት፣ የአብዱ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። አብዱ የጅማ ሰው ነው። እሱ ጨርቁን ይሸጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ስንነታረክ ውለን አብረን እንሰግዳለን። አንድ ቀን የጭነት መኪና ከጎሬ መጥቶ የአቡጀዲ ጥቅል ሲራገፍ «ሰይድ፣ ተቀምጠህ ከምታይ እስቲ አግዘኝ» አለኝ። ተነስቼ አገዝኩት። ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ቀና ልል ስል በግራ ብሽሽቴ በኩል አንድ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ሸርተት ብሎ ሲቀደድ ተሰማኝ።

ያን ዕለት ብዙም አላመመኝም። ስታጠብ ግን የእርግብ እንቁላል የምታህል እብጠት አገኘሁ። ስተኛ ትገባለች፣ ስነሳ ትወጣለች፣ ሳል ሲይዘኝ ትዘላለች። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሕመሙ አይደለም። ሰው ቢያይብኝስ ነው ያልኩት። እየዋለ እያደረ የእርግቧ እንቁላል የዶሮ ሆነች፤ ከዚያም ወደ ታች መውረድ ጀመረች። የስፌት መኪናውን ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ሕመሙ እስከ እምብርቴ ይስበኝ ነበር።

ሆስፒታላችን ከባሮ ዳር ያለ ትንሽ ቤት ነው። ዋናው ሐኪም አንድ ቀን ቢኖር ሌላ ቀን አይኖርም፤ ሥራውን የተሸከሙት ድሬሰሩ አቶ ተክሌ ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ የጎጃም ሰው፣ ቁጡና ደግ። ሄድኩና «ሆዴን ያመኛል» አልኳቸው። የቱ ጋ ሲሉኝ እምብርቴን አሳየኋቸው። የወስፋት መድኃኒት ሰጡኝ፤ ያለኝም የሌለኝም ወጣ፣ እብጠቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሌላ ጊዜ ተመልሼ «ወገቤን ነው» አልኩ፤ የሚቀባ ሰጡኝ። ደግሞ ሌላ ጊዜ «ጭኔን» አልኩ፤ መርፌ ተወጋሁና መቀመጥ አቅቶኝ ሰነበትኩ። ሰውየው ምን ያድርጉ። እኔ የበሽታውን ዙሪያ እያሳየሁ መሃሉን እደብቃለሁ። ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ዋግምት የሚያደርግ ሰው አለ ሲሉኝም ሄጄ ጀርባዬን ተበጥቼ ደሜን አፍስሼ መጣሁ። ሕመሙ ከፊት፣ ደሙ ከኋላ።

ቤት ውስጥም ሰላም አጣሁ። ሚስቴ ዘሐራ ፊት ልብስ መቀየር ተውኩ። ኩራዙ ካልጠፋ አልተኛም፤ ስተኛም ጀርባዬን ሰጥቼ እጥፍጥፍ እላለሁ። አንድ ጠዋት ሻይ አቀረበችልኝና ቆማ አየችኝ።

«ሰው ይዘሃል አይደል?»

«የምን ሰው?»

«እኔን ማየት ያስጠላህ ሰው ነዋ።»

ወላሂ፣ እውነቱን ከምነግራት አዎ ሌላ ሴት ይዣለሁ ብል ይቀለኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደችው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከልጆቹ ጋር መተኛት ጀመረች። እኔም ብቻዬን ጋደም እያልኩ እብጠቷን በእጄ እየገፋሁ አስገባታለሁ፤ አንድ ቀን አልገባም ብትለኝስ እያልኩ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ይነጋል።

የያዙኝ አቶ ተክሌ ናቸው። ሱሪ ሊያሰፉ ወደ በረንዳዬ መጥተው፣ ጎንበስ ብዬ የእግራቸውን ርዝመት ስለካ ሳል ያዘኝና እጄ ሳላስበው ወደ ብሽሽቴ ሄደ። አዩኝ። ልኬን እስክጨርስ ጠበቁና በጆሮዬ «አቶ ሰይድ፣ ነገ ጠዋት ይምጡ። ሆድዎንም ወገብዎንም ቤት ትተው ይምጡ» አሉኝ።

መጋረጃ ጋርደው አዩኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የምትሄድ እንሽላሊት እያየሁ ቆምኩ። «ቡአ ነው» አሉኝ። «የሆድ ግድግዳ ሲላላ አንጀት በቀዳዳው ሾልኮ ይወርዳል። በክኒን አይድንም፣ ቀዳዳው በኦፕራሲዮን ይሰፋል። ካልተሰፋ አንድ ቀን አንጀቱ ይወጣና ታንቆ መመለስ ያቅተዋል። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

«መቼ ይሰፋልኝ ታዲያ?»

«እሱ እንኳ በእርስዎ እጅ ነው» አሉና የሆስፒታሉን ደንብ ነገሩኝ። ኦፕራሲዮን የሚያደርገው ሐኪም ከደጋ በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚመጣው። ዱሮ ስም እየተጻፈ ይላክለት ነበር። አንድ ጊዜ ቢላውን ጠቅልሎ ቢመጣ ከተጻፉት ወንዶች አንድም አልተገኘም። አንዱ አቦቦ ሄዷል፣ አንዱ ድኛለሁ ይላል፣ አንዱ ስሙ የኔ አይደለም ብሎ ይምላል። ሐኪሙ ተቆጣ። «ከእንግዲህ ለቆመ ሰው እንጂ ለተጻፈ ስም አልመጣም» ብሎ ሄደ። ስለዚህ በየሰኞው ጠዋት ኦፕራሲዮን የሚጠብቅ ሰው ለብቻው፣ ግቢው ወንዙን በሚያይበት በኩል፣ ማንጎው ሥር ይቆማል፤ ይቆጠራል። አምስት ሰው ከቆመ በሬዲዮ ለሐኪሙ ይነገረዋል። ካልቆሙ አይነገረውም። የሚጠብቁት ጊዜም የሚቆጠረው ከቆሙበት ሰኞ ጀምሮ ነው፤ ቤቱ ተኝቶ የጠበቀ እንዳልጠበቀ ነው።

ደንቡ ክፉ አይደለም። ቦታው ነው ክፉ። ግቢው አጥር የለውም። ታች ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ልጆች ይዋኛሉ፤ በረንዳው ላይ ደግሞ የወባ ሰልፈኛ ተደርድሮ የሚያየው ነገር አጥቶ ይፈልጋል። ማንጎው ሥር የቆመ ወንድ ምን እንደያዘው ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ሰኞ ይቁሙ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ሰኞ ሄድኩ። ሄጄ የወባው ሰልፍ ውስጥ ገባሁ።

ማንጎው ሥር አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። ኦጁሉ ይባላል፤ አኙዋክ ነው፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ በታንኳው ሰው ያሻግራል። በማሻገሪያ ሒሳብ ላይ እንደሱ የሚከራከር ሰው አላየሁም፤ ቢሞት አንድ ሳንቲም አይቀንስም። በወገቡ ባገለደመው ጨርቅ ሥር እብጠቱ ከሩቅ ይታያል፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ወንዙን ያያል። አቶ ተክሌ ወጡ፣ አዩት፣ «አንድ» አሉና ገቡ። ኦጁሉም መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ ታንኳው ወረደ። ለካ በየሰኞው እንዲህ ነው የሚያደርገው።

እኔም በየሰኞው ባይሆን እንኳ አልፎ አልፎ እየሄድኩ የሌለብኝን ወባ እታከማለሁ። አቶ ተክሌ እያወቁ የሚሰጡኝን ክኒን ባሮ ውስጥ እጥለዋለሁ። አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ። ኦጁሉ በአጠገቤ ሲያልፍ ያየኛል።

«ሰይድ፣ ዛሬም ወባ?»

«ዛሬም።»

«ወባ መጥፎ ነው» ይልና ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። አንድ ሰኞ በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። «ለሚስትህ ስጥ፣ ትሥራልህ። ወባ ያለበት ሰው ዓሣ ይብላ።» አንድ ሳንቲም የማይቀንሰው ሰውዬ። ወሰድኩት፣ ቤቴ ወስጄ በላሁት። አጥንቱ ጉሮሮዬን ባይወጋው እንኳ አሁን ሳስበው ይወጋኛል።

የባሰውን ልንገራችሁ። የምደበቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር። ልብስ ሰፊ ያውቃል። አንድ ወንድ መጥቶ «ከፊት ለፊቱ ትንሽ ሰፋ አድርገው፣ ሙቀቱ አልቻልኩትም» ካለኝ ዓይኑን ወደ መንገዱ ሲያዞር አየዋለሁ። እሺ ብዬ አሰፋለታለሁ፣ አልጠይቀውም። የጋምቤላ ሙቀት የስንቱን ገመና ሸፈነ። በዚያ በወባ ሰልፍ ውስጥ ከፊቴም ከኋላዬም እኔ ራሴ ያሰፋኋቸው ሱሪዎች ቆመዋል። አብዱ ራሱ ሁለት አሰፍቶኛል። ቀኑን ሙሉ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ስንውል እሱም አይነግረኝ፣ እኔም አልነግረው።

እንዲህ ሆነን ሳለን አንድ መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ሥራቸው በየሆስፒታሉ እየዞሩ ሰው ለኦፕራሲዮን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማየት ነው፤ ብዙ የሚያስጠብቀውን ከማያስጠብቀው ለይተው ሐኪሙ የት ቢዘወትር እንደሚሻል ይወስናሉ። አቶ ተክሌ ደስታቸውን አልቻሉትም። በሱቃችን ሲያልፉ ሳይቀር «በሉ እንጂ፣ በዚህች ሰኞ እንኳ ሰው ሁኑ፤ ሰልፉን ካዩ ሐኪሙን ይሰጡናል» አሉ። የተናገሩት ለሁላችንም ነው፣ ያዩት እኔን ነው። «ኢንሻ አላህ» አልኩ። አብዱ ጨርቅ ይለካ ነበር፣ ቀና አላለም።

ያን ሰኞ ዘሐራ ተከትላኝ መጣች። ትኩሳት የሌለው ወባ ምን ዓይነት ወባ እንደሆነ ድሬሰሩን ልጠይቅልህ ብላ ነው። እምቢ ብል ጥርጣሬዋ ይብሳል፤ ዝም ብዬ ወሰድኳት። እንደ ልማዴ የወባው ሰልፍ ውስጥ ቆምኩ፣ እሷም ከጎኔ።

መርማሪው ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ላባቸው በአንገታቸው እየወረደ መጡ። ማንጎው ሥር ያለው ኦጁሉ ብቻ ነው።

«ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ይሄ ብቻ ነው?»

«የቆመው እሱ ብቻ ነው ጌታዬ» አሉ አቶ ተክሌ።

መርማሪው ወደ ኦጁሉ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጠብቀው?»

«ባሮ ሞላ፣ ጎደለ። ሞላ፣ ጎደለ። አሁን ሦስተኛው ይመጣል። አንተ ሐኪም ይዘህ መጣህ?»

ጌታውን አንተ ማለቱ ሰልፈኛውን አሳቀው። መርማሪውም ፈገግ አሉ፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። «አንድ ሰው! ሌላ ቦታ እኮ ግቢ ሙሉ ነው ያየሁት። እናንተማ በጣም ጥሩ ላይ ናችሁ። ለአንድ ሰው ሐኪም ከሥራው አይነሳም፤ እሱን ለበዛበት ብንሰጠው ይሻላል።»

አቶ ተክሌ ቀስ ብለው ወደ በረንዳው ዞሩና የወባውን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ዘሐራ ግን ማንንም የማታፍር ናትና ቀና ብላ የአቶ ተክሌን ዓይን ተከተለች፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ብሽሽቴን የደገፈውን እጄን አየች። እጄን ጎትታ አወጣችው።

«በጨለማ የምትለብሰው ለዚህ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

 ክንዴን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝ። ግቢውን አቋርጠን፣ ሴቶቹ ማጠባቸውን ትተው እያዩን፣ ከኦጁሉ ኋላ አቆመችኝ። «ጌታዬ፣ ሁለት ብለው ይቁጠሩ» አለች። «የኔ ባል ወባ የለበትም።»

ሳቁ ከበረንዳው ፈነዳ። ከሁሉ አስበልጦ የሳቀው እዚያው ሰልፍ ውስጥ የነበረው አብዱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር። መለኪያዬ አንገቴ ላይ ነው፣ አፌ ውስጥ ደግሞ የሁለት ሱሪ ወሬ አለ። አንድ ቃል ብናገር አብዱም አጠገቤ ይቆማል። አልተናገርኩም። ሰው ገመናውን አምኖ የሚሰጥህ አደባባይ እንድታሰጣው አይደለም።

ኦጁሉ ዞሮ አየኝ። «ወባ የለም?» አለ።

«የለም።»

ራሱን ነቀነቀና እኔም ጥላው እንዲደርሰኝ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ፈቀቅ አለ።

መርማሪው «ሁለት» አሉ። ክረምቱ ሳይገባ አምስት ከሞላ ሐኪሙ ይምጣ፣ ካልሞላ ግን ለሚበዛበት ይሰጣል ብለው ሄዱ። እኛ ቤት ስንገባ ዘሐራ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ መሃል ደግሞ ትስቃለች። «ሴት ናት ብዬ እኮ ነው ስቃጠል የከረምኩት፣ አንተ ጉደኛ» አለችኝ። ያን ማታ ወደ አልጋችን ተመለሰች። እኔ ግን የሳቁ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ሰኞ ከኦጁሉ ኋላ ስቆም አንገቴ ቀና አይልም ነበር። ሁለት፤ ሁልጊዜ ሁለት።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የስፌት መኪናዬ ላይ እንዳለሁ እብጠቷ ወጣችና ድንጋይ ሆነች። ብገፋት ብገፋት አልገባ አለች። ላብ በላብ ሆንኩ፣ አስመለሰኝ፣ በረንዳው ላይ ተንከባለልኩ። አብዱ ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ እየጮኸ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ኦጁሉን ይዞት መጣ። ተሸክመው ታንኳ ውስጥ አስተኙኝና በውሃው ወደ ሆስፒታሉ ወሰዱኝ። አቶ ተክሌ ጭንቅላቴን ዝቅ፣ እግሬን ከፍ አድርገው አስተኙኝ፤ መርፌ ወጉኝ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ አደረጉበት፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ቀስ እያሉ ሲያባብሉት ቆዩ። በኋላ ጉርር አለና ገባ። ያን ጊዜ ሕፃን ልጅ እንደሚያለቅስ አለቀስኩ፤ እፍረት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

«ዛሬ ተመለሰልን» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ። «በሚቀጥለው ላይመለስ ይችላል። ያኔ አንጀቱ ይሞታል፤ ሐኪሙ እስኪደርስም እርስዎ አይቆዩም።»

አብዱ ጫማዬን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ከንፈሩ ደርቋል። የሚያየው እኔን አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ልቤ የደነደነው። መውሊድ እየቀረበ ነበር፣ ፋሲካም እንደዚሁ፤ ልብስ ሰፊ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። አንዱ ካኪ ይዞ መጣና «ሙቀቱ እኮ» ብሎ ሲጀምር «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ልክህን እንጂ አላሰፋም» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሰፋ ያለ ከፈለግህ ሰኞ ጠዋት ከኔ ኋላ ቁም፤ ማክሰኞ እሰፋልሃለሁ።» ፊቱ ተለዋወጠ፣ ጨርቁን ነጥቆኝ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛው ሰደበኝ። ዘሐራ «እኛን ራብ ሊገድለን ነው» አለች፤ ግን ተው አላለችኝም። ለማንም አልተናገርኩም፣ የማንንም ስም አላነሳሁም፤ መስፋቱን ብቻ እምቢ አልኩ።

አብዱ ቀናት ዞር ዞር ሲል ከረመና አንድ ከሰዓት ከሱቁ ጥሩ ጨርቅ ቆርጦ ጉልበቴ ላይ አኖረው።

«ለመውሊድ ነው። እንደ ዱሮው አድርገው።»

«ደንቤን ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ» አለና አጠገቤ ቁጭ አለ።  «አንተን ያዩህ ቀን የሳቅኩት እኮ ሰው ወደኔ እንዳያይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«መናገር ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

ሰኞ ጠዋት መጣ። «ጥላው ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት» እያለ ከኋላዬ ቆመ። ከበረንዳው ሊስቁ የከጀሉ ነበሩ፤ አብዱ ግን ሁሉንም በብድር የያዘ ነጋዴ ነውና ዞሮ ሲያያቸው ሳቃቸውን በሳል ዋጡት። በሚቀጥለው ሰኞ ያ ካኪ ይዞ የሄደው መጣ። ከዚያም የአውራጃው ጸሐፊ፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው አውርዶ። አቶ ተክሌ ወጥተው «አምስት» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ለሐኪሙ በሬዲዮ ተነገረ፤ ዝናቡ መሬቱን ሳያጨቀየው አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ አረፈ።

ሐኪሙ ረጅም፣ የማይስቅ ሰው ነው። ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ይታይ አለ፤ መጀመሪያ ኦጁሉ ገባ። እኛ በር ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። የነገሩን አቶ ተክሌ ናቸው። የኦጁሉ አንጀት ረጅም ጊዜ ወርዶ በመኖሩ ከከረጢቱ ጋር ተጣብቋል፤ እዚህ ቢከፈት የሚሰጥ ደም የለም፣ በደንብ የሚያስተኛ መሣሪያም የለም፤ አዲስ አበባ ካልሆነ አይሆንም። ሐኪሙ እጁን እየታጠበ «የዛሬ ዓመት ባየው ኖሮ ከሁላችሁ ቀላሉ እሱ ነበር» ብሏል።

 ጸሐፊው ባርኔጣውን አውልቆ እጁ ላይ ያሽከረክረው ጀመር። ቀጥሎ የኔ ስም ተጠራ። ገባሁ።

ወገቤ ላይ በመርፌ ወጉኝ፤ ከወገብ በታች የሌለሁ ሆንኩ። አቶ ተክሌ ግንባሬን በጨርቅ ይጠርጉልኛል፣ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደርሳለሁ። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሰፋው። ያ ሁሉ ስጋት፣ ያ ሁሉ ውሸት ለዚህ ነበር፤ ስፌቱን ጨርሶ እጁን እስኪታጠብ አንድ ሱሪ የምሰፋበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም። መደንዘዙ ሲለቀኝ ስፌቱ አቃጠለኝ። ሳል ክልክል፣ ሳቅ ክልክል፣ ዕቃ ማንሳት ለወራት ክልክል። አብዱ የጎኔ አልጋ ላይ ነበርና «ሙቀቱ ለቀቀኝ» ይለኛል ሆን ብሎ፤ ስፌቴን በእጄ ደግፌ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ዘሐራ ታጥበኛለች፣ ልብሴን በቀን ብርሃን ትቀይርልኛለች። ዳንኩ። ሁላችንም ዳንን፤ አራታችንም።

ኦጁሉም ኋላ አዲስ አበባ ተሰፍቶ፣ ብዙ ወራት ቆይቶ፣ ከስቶ ግን በደህና ወደ ታንኳው ተመልሷል። ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ እንዳትጨነቁለት ነው። ሐኪሙ ራሱ ነው በአውሮፕላኑ ይዞት የሄደው። የሄደበት ጠዋት እኔ መራመድ ጀምሬ ግቢው ውስጥ ቀስ እያልኩ እዞራለሁ። ኦጁሉ ምንጣፉንና ጥቂት ልብሱን በገመድ አስሮ፣ ጥቅሉን እግሩ ሥር አድርጎ ወደ አውሮፕላኑ ሜዳ የሚወስደውን መኪና ይጠብቃል። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ዳንክ?» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«አብዱም?»

«እሱም።»

«ጥሩ» አለ። ቀጥሎ እስካሁን ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ። «ያንተ መቼ ጀመረ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አንተ መቆም ስትጀምር እኔም ነበረብኝ» አልኩት። «አብዱም ነበረበት። ሌሎቹም።»

«ታዲያ ለምን አልቆምክም?»

«አፈርኩ።»

«ማንን?»

 ኦጁሉ ሊሰድበኝ ፈልጎ አልነበረም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ነገሩ በእውነት አልገባውም። «እዚያ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ» አለ። «እኔን አፈርክ?»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። እኔ የማደርገው ጠፋኝና ቢያንስ ጥቅሉን እስከ መኪናው ላድርስለት ብዬ ጎንበስ አልኩ። እጄን ያዘኝ።

«ተው» አለኝ። «ስፌትህ ይፈታል።»

ራሱ አነሳው። ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በየሁለት እርምጃው ቆም እያለ፣ ወደ መኪናው ተሸክሞት ሄደ።